የየቲሙን ሁኔታ በምን እንወቀው?
ቁጥር የማይነግረንን መረጃ የመሰብሰቢያ ዘዴዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



የቲሞችን የሚረዳ ማኅበር ሁሉ መዝገብ አለው። በመዝገቡ ላይ የልጁ ስም፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ የክፍል ደረጃው፣ አባቱ የሞተበት ዘመንና በየወሩ የሚደርሰው ገንዘብ ይሰፍራል። ይህ መዝገብ እጅግ ጠቃሚ ነው። ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንት ብር እንደሚያስፈልግና ስንት ብር እንደወጣ የምናውቀው በእርሱ ነው። ይሁንና ልጁ በሚያድርበት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ይቀርብ እንደሆነ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ዘመድ ለልጁ ጫማ ይገዛበት ወይም የራሱን ዕዳ ይከፍልበት እንደሆነ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት የቀረችው ታማ ይሁን ውኃ ስትቀዳ ረፍዶባት መዝገቡ አይነግረንም። እናት ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ የዋጠችውን ችግርም አይጽፍልንም።

የምርምር ሰዎች በቁጥር የሚገለጸውን መረጃ «መጠናዊ» ይሉታል። በቃል፣ በትረካና በማስተዋል የሚገኘውን ደግሞ «ዓይነታዊ» ብለው ይጠሩታል። የዚህ ትምህርት ዓላማ የዓይነታዊ መረጃ መሰብሰቢያ ዘዴዎችን ከየቲሞች ጉዳይ ጋር አያይዞ ማስረዳት ነው። ትምህርቱ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ በመቻራና በሚኤሶ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የየቲም ቤት ለሚጎበኙ ወንድሞችና እህቶች፣ ገንዘባቸውን ለሚሰጡ ለጋሾችና የቲም ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የቀረበ ነው።

ማወቅ ለምን ያስፈልጋል?

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 273 ላይ ስለ አንድ ዓይነት ችግረኞች ተነግሮናል። እነዚህ ሰዎች ክብራቸውን ጠብቀው ከልመና ስለሚቆጠቡ፣ የማያውቃቸው ሰው ያላቸው ይመስሉታል። የሚለዩት በሚታይባቸው ምልክት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነተኛው ሚስኪን በየደጁ የሚዞረው ሳይሆን፣ የሚበቃውን ያላገኘ፣ ሰውም ያላወቀለት፣ ራሱም የማይጠይቅ መሆኑን አስተምረዋል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ከሁሉ የባሰበት ቤተሰብ ከማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው፣ ምልክትን ለማየት የሚያስተውል ዓይን ያስፈልጋል።

በየቲም ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የቀረበ ትእዛዝ አለ። ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 6 ለየቲሞች ገንዘባቸው ከመሰጠቱ በፊት እንዲፈተኑ፣ የሚያስተዳድሩበት ብስለት ሲታይባቸው እንዲረከቡ፣ በርክክቡም ላይ ምስክር እንዲቆም ያዝዛል። የሻፊዒይ ፊቅህ ሊቃውንት ይህን ፈተና ሲያብራሩ የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ሥራ እንደሚሞከር ጽፈዋል። ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በተሰኘው ኪታባቸው ሙከራው ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መደጋገም እንዳለበት ገልጸዋል። እንግዲህ ሊቃውንቱ የልጁን ሁኔታ ለማወቅ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ በቂ ነው አላሉም። ልጁ በሚኖርበት ኑሮ ውስጥ፣ እንደየቤቱ ጠባይ፣ ደጋግሞ መመልከትን ነው ያዘዙት። የዓይነታዊ መረጃ መሠረቱም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እንወስን

መረጃ ሰብሳቢ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ስለ ምን እንደሚጠይቅ መወሰን አለበት። በሸሪዓ የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። በዐረብኛ እናቱ የሞተችበት «ዐጂይ»፣ ሁለቱም የሞቱበት «ለጢም» የተባሉ የየራሳቸው ስሞች አሏቸው። የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች አቆጣጠር ግን ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በአገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች የልጁን እናትና አባት በሕይወት መኖር እየጠየቁ፣ አንዱን ወይም ሁለቱንም ወላጅ ያጣውን ይመዘግባሉ። ስለዚህ አንድ ማኅበር በአንደኛው ትርጉም፣ የቀበሌው ሠራተኛ በሌላኛው ቢቆጥር ሁለቱም ሳይዋሹ ቁጥራቸው አይገናኝም።

በሐረርጌ ምድር ሌላም ነገር አለ። በኦሮሞ ባሕል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ እንደ ቤቱ ልጅ ሆኖ ያድጋል፤ በአሳዳጊው ስም የሚጠራበት ጊዜም አለ። ሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 5 ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዝዛል። ጉዳዩን የማያውቅ ጎብኚ «እዚህ ቤት የቲም አለ?» ብሎ ቢጠይቅ «የለም» ይባላል። «እዚህ ቤት ከሚያድሩት ልጆች የእያንዳንዳቸው አባት ማን ይባላል? አሁን የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን እውነቱን ያገኘዋል።

«የቲም» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ዓይነት ኑሮ እንደሚሸፍን በአገራችን የተካሄደ ጥናትም አሳይቷል። ያንግ ላይቭስ በመባል የሚታወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 20 ቦታዎች 3,000 ሕፃናትን ዓመታት ጠብቆ እየተመላለሰ ተከታትሏል። ለሁሉም መጠይቅ ይሞላል። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹን መርጦ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቃለ መጠይቅ፣ በቡድን ውይይትና ልጆቹ ራሳቸው በሚሠሯቸው ሥዕሎች የሕይወታቸውን ታሪክ ሰብስቧል። ጂና ክሪቬሎና ናርዶስ ጩታ ከዚህ ጥናት ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ወላጅ ማጣት ብቻውን የልጁን የችግር መጠን እንደማያሳይ አስረድተዋል። እንደምናስተውለው ቁጥሩና ትረካው ጠላቶች አይደሉም። ቁጥሩ የቲሞቹ ስንት እንደሆኑ ይነግረናል፤ ትረካው ኑሯቸው እንዴትና ለምን እንዲያ እንደሆነ ያስረዳናል።

ከዚህ በመቀጠል ዘዴዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ጥልቅ ቃለ መጠይቅ

ይህ ዘዴ ጠያቂና ተጠያቂ ብቻ ተቀምጠው፣ ጥቂት ጥያቄዎችን መነሻ አድርገው፣ ተጠያቂው በራሱ አነጋገር እንዲተርክ የሚደረግበት ነው። ጥያቄዎቹ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚያልቁ መሆን የለባቸውም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «እርዳታው ይበቃችኋል ወይ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «አልሐምዱ ሊላህ» ብላ ትመልሳለች። ይህ መልስ ውሸት አይደለም። አማኝ በድሎትም ሆነ በችግር ጌታውን ያመሰግናል። ጠያቂው ግን ምስጋናዋን ይዞ «በቂ ነው» ብሎ ቢጽፍ አደቧን እንደ መረጃ ቆጥሮታል ማለት ነው። ስለሆነም የሚጠየቀው ስለ ተደረገ ነገር ይሁን። «እናቴ፣ ትናንት ማታ ምን ተጣደ?»፣ «ገንዘቡ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ምን ተገዛበት? ከዚያስ?»፣ «ባለፈው ረመዷን ማፍጠሪያውን ከየት አገኛችሁ?» የመሳሰሉት ጥያቄዎች ምስጋናዋን ሳይነኩ ኑሮዋን ያስረዳሉ። መልሱ ሲሰጥም «ከዚያ በኋላስ?» ብሎ ዝም ማለት ከብዙ ጥያቄ ይሻላል።

የቋንቋ ጉዳይ ታላቅ ቦታ ይይዛል። በምዕራብ ሐረርጌ የአብዛኛው ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። በሚኤሶ ቆላ ሶማልኛ የሚናገሩም አሉ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በአማርኛ ቢሆን እንኳ ጥያቄው በቤቱ ቋንቋ መቅረብ አለበት። ተጠያቂዋ የተናገረችው ዋና ቃል በመጀመሪያ በራሷ ቋንቋ ተጽፎ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጥ። የየቲሙን ገንዘብ የሚቀበለው ዘመድ አስተርጓሚ ከሆነ ግን ከቃለ መጠይቁ ምንም አልተገኘም። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (እ.ኤ.አ. 973–1048) ስለ ሕንድ ሕዝብ ሲጽፉ በወሬ አልረኩም። ሳንስክሪት ተምረው፣ የሕንድን ሊቃውንት ራሳቸው ጠይቀው፣ መጻሕፍታቸውን አንብበው ነበር የጻፉት። ከሺህ ዓመት በፊት የተሠራበት ይህ ደንብ ዛሬም አልተለወጠም።

የዲን ሥርዓትም ይጠበቅ። ወንድ ጎብኚ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ለብቻው ሊቀመጥ አይገባውም። ስለዚህ ማኅበራት እህቶችን ለዚህ ሥራ ማሠልጠን አለባቸው። ይህ ለሸሪዓው መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ለመረጃውም እውነተኛነት ይበጃል፤ ሴት ለወንድ የማትነግረው ብዙ ነገር አለና። ሴቲቱ በዒዳ ላይ ካለች አራት ወር ከአሥር ቀኑ እስኪፈጸም ድረስ እርዳታው እንዲደርሳት ይደረግ እንጂ ረጅም ጥያቄ ይዞ ቤቷ መግባት ተገቢ አይደለም።

2. የቡድን ውይይት

በዚህ ዘዴ ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ይወያያሉ፤ አንድ ሰው ይመራል፤ ሌላው ይጽፋል። በምርምር ዓለም የታወቀው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሬዲዮ አድማጮችን ሰብስቦ በመጠየቅ ከሠራው ሥራ በኋላ ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን ተሰብስቦ መመካከር እንግዳ አይደለም። በሐረርጌ አፎሻ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ሳይሆን፣ የሟች ልጆች በማን እጅ እንደሚያድጉ ለመነጋገርም የሚያመች ስብስብ ነው።

ለዚህ ዘዴ የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) እኩዮች ይሰብሰቡ። አጎት በተቀመጠበት የሟች ሚስት አትናገርም። ዳይሬክተር በተቀመጠበት መምህር አይናገርም። እናቶች ለብቻ፣ አሳዳጊ ዘመዶች ለብቻ፣ መምህራንና ኡስታዞች ለብቻ ይሁኑ።

ለ) ሰዓቱ ይታሰብበት። በአካባቢያችን ከቀትር በኋላ ወንዶች በርጫ ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ ነው። ውይይት በዚያ ቢደረግ ወሬው ይሞቃል፤ ነገር ግን የሴቶች ድምፅ ከነጭራሹ አይሰማም። የገበያ ቀንም እናቶችን ይወስዳቸዋል።

ሐ) የአንድን ቤት ምስጢር በጉባኤ አንጠይቅ። ውይይቱ «በዚህ ሰፈር አባት ሲሞት መሬቱ፣ ቡናውና ጫቱ በማን እጅ ይገባል?» ለሚል ስለ ልማድ ለሚጠይቅ ጥያቄ ይመቻል። «የአንቺ ድርሻ የት ደረሰ?» የሚለው ግን ለብቻ የሚጠየቅ ነው።

መ) ዝም ያሉትም ይጻፉ። ሁሉም የተስማሙ ሲመስል ማን እንደተናገረና ማን ዝም እንዳለ ካልተጻፈ፣ የአንድ ሽማግሌ ሐሳብ የሁሉም ሆኖ ይቀራል።

3. ምልከታ

ምልከታ በዓይን አይቶ፣ ያዩትን በሥርዓት መጻፍ ነው። ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሌሊት ከአገልጋያቸው ከአስለም ጋር ከመዲና ወጣ ብለው ሲሄዱ እሳት አይተው ወደዚያው ማምራታቸው በታሪክ መጻሕፍት ተዘግቧል። አንዲት ሴት ድስት ጥዳ ልጆቿ በዙሪያዋ ያለቅሱ ነበር። ዑመር ለመቅረብ ፈቃድ ጠየቁ። ልጆቹ ለምን እንደሚያለቅሱ ጠየቁ። ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለም ጠየቁ። ልጆቹን ለማረሳሳት የተጣደ ውኃ ብቻ ነበር። ከዚያም ዱቄቱን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው መጥተው አበሰሉላቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምልከታ ሥርዓት ሁሉ አለ፤ በአካል መሄድ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ያዩትን በጥያቄ ማረጋገጥና ባወቁት ላይ መሥራት።

የየቲምን ቤት የሚጎበኝ ሰው የሚከተሉትን ያስተውል። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቅመው ልጅ ማን ነው? የቲሙ የሚተኛው ከማን ጋር ነው? የእርሱ ጫማ ከቤቱ ልጆች ጫማ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? እንግዳ ሲመጣ ማን ይጠራል፣ ማን ይላካል? በቡና ለቀማና በጫት ቆረጣ ወቅት ከትምህርት ቤት የሚቀረው ማን ነው?

የተመለከተውን ሲጽፍ ገጹን ለሁለት ይክፈለው። በአንደኛው በኩል «ያየሁት»፣ በሌላኛው በኩል «የመሰለኝ» ይበል። «ልጁ ከሌሎቹ በኋላ በላ» የሚለው ያየው ነው። «ይበድሉታል» የሚለው የመሰለው ነው። ምናልባት ልጁ ከቁርአን ትምህርት ዘግይቶ መምጣቱ ይሆናል። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ከጥርጣሬ እንድንርቅና ነውር እንዳንከታተል ታዘናል። ስለዚህ ምልከታ ስለላ እንዳይሆን፣ ሰላምታ ሰጥቶና ፈቃድ ጠይቆ መግባት፣ የመጣበትን ጉዳይ በግልጽ መናገርና ከጉዳዩ ውጪ ያለውን አለማየት ግዴታ ነው።

4. ሰነዶችን መመርመር

የትምህርት ቤት የስም መጥሪያ፣ የፈተና ውጤት ካርድ፣ የክትባትና የሕክምና ካርድ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ስለ ውርስና ስለ ሞግዚትነት በፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ የመሳሰሉት ሁሉ የሚናገሩት አላቸው። መዝገቡ ልጁ በዓመቱ ስንት ቀን እንደቀረ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ወር እንደቀረም ያሳያል። የቀረባቸው ቀናት ከመኸር ጋር ከተገጣጠሙ ለቃለ መጠይቁ አዲስ ጥያቄ ይሰጠናል።

ነገር ግን ወረቀት የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። በአገራችን የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በገጠር ለሞተ አባት የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ብሎ የሙጥኝ ማለት የቲሙን ከመብቱ ማራቅ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጎረቤቶች፣ የአፎሻው ሰዎችና የቀበሩት ሰዎች ቃል ወረቀቱን ይተካል።

5. ለልጆች የሚስማሙ ዘዴዎች

የስምንት ዓመት ልጅ በማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ ለረጅም ጥያቄ አይመልስም፤ ቢመልስም ጠያቂው ደስ ይለዋል ያለውን ይናገራል። ለዚህ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ የሚናገሩባቸው መንገዶች አሉ። እንግሊዛዊው ሮበርት ቼምበርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያስፋፉት የአሳታፊ ጥናት ዘዴ፣ የገጠር ሰዎች ካርታ በመሬት ላይ እየሠሩ፣ በፍሬና በጠጠር እየቆጠሩ የራሳቸውን ሁኔታ እንዲያስረዱ ያደርጋል።

በእኛም አካባቢ ልጁ ከቤቱ እስከ ውኃው፣ እስከ ትምህርት ቤቱና እስከ መድረሳው ያለውን መንገድ በእንጨት መሬት ላይ ይሣል። የት እንደሚፈራና የት እንደሚጫወት በጠጠር ያመልክት። ወይም አሥር የቡና ፍሬ ተሰጥቶት ቀኑን ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለቁርአንና ለጨዋታ ያከፋፍል። ለጨዋታ አንድም ፍሬ ያላስቀረች ልጅ ብዙ ነገር ነግራናለች። ፍሬዎቹ ግን እንደ ስሌት አይቆጠሩ፤ ጥቅማቸው «ለምን እዚህ በዛ?» ብለን እንድንጠይቅ በር መክፈታቸው ነው።

መረጃው እንዴት ይጣራል?

በዚህ ረገድ ሙስሊሞች ከማንም የሚዋሱት ነገር የለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ዘገባ ከማን እንደተሰማ፣ ያስተላለፈው ሰው ተናጋሪውን አግኝቶት እንደሆነ፣ የማስታወስ ኃይሉና እውነተኛነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ከዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ) በቀጥታ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም መጓዛቸው ይታወቃል። ሊቃውንቱ ለአንድ ዘገባ በሌላ መንገድ የመጣ ደጋፊ ሲፈልጉ «ሙታበዓት» እና «ሸዋሂድ» የሚሏቸውን ይመረምራሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች አንድን ነገር በሦስት አቅጣጫ ማረጋገጥ የሚሉት ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

በሥራችን ላይ ሲተረጎም እንዲህ ነው። አሳዳጊው «ልጁ ይማራል» ይላል። ልጁ ትናንት የዋለበትን ይተርካል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ይታያል። ሦስቱ ቢስማሙ መረጃው ጠነከረ። ባይስማሙ ውሸታሙን ለመያዝ አንቸኩል፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነውና ምክንያቱን እንፈልግ። እያንዳንዱ ማስታወሻም እንደ ኢስናድ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደሰማ፣ በየትኛው ቀንና ቦታ፣ በምን ቋንቋ፣ ማን አብሮ እንደነበረ ይያዝ። ማስታወሻው በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ያደረ ቃል ይለወጣልና።

ስንት ሰው ይበቃል?

በዓይነታዊ መረጃ የሰው ብዛት ዋናው ጉዳይ አይደለም። የተለያየ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ይመረጣሉ። ወንድና ሴት፣ ደጋና ቆላ፣ ከተማና ገጠር፣ ከእናት ጋር ያለና ከአያት ጋር ያለ፣ በመዝገባችን ያለና የሌለ። አዲስ ቤት ስንገባ የሰማነው ብቻ የሚደገም ከሆነ በቅቷል። አዲስ ነገር ከተሰማ ግን ይቀጥላል። ከአሥራ ሁለት እናቶች ጋር ተነጋግረን «ከመቶ ይህን ያህሉ» ብለን መጻፍ ግን አይፈቀድልንም። ያን ለማለት በቁጥር የሚሠራ ጥናት ያስፈልጋል። ከዓይነታዊው መረጃ የምናገኘው ችግሩ በምን መንገድ እንደሚደርስ ነው።

የየቲሙ ቃል አማና ነው

ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 10 የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት እሳትን መብላት መሆኑን ያስጠነቅቃል። የቲሙ የነገረን ታሪክስ የማን ነው? የእርሱ ነው። በአደራ ሰጠን እንጂ አልሸጠልንም። ዝርዝር ፍርዱን ለዑለማዎች ትተን፣ ማንኛውም መረጃ ሰብሳቢ ከዚህ በታች ያሉትን ሊጠብቅ ይገባል።

አንደኛ፣ ፈቃድ ከአሳዳጊው ብቻ ሳይሆን ከልጁም ይጠየቅ፤ «አልናገርም» ቢል እርዳታው እንደማይቀርበት ይነገረው። ሁለተኛ፣ ልጁን የሚያስለቅስ ጥያቄ ያለ ምክንያት አይጠየቅ፤ የአባቱ አሟሟት ለሥራችን ካላስፈለገ አናንሣው። ሦስተኛ፣ ስሙ፣ ቤቱና ፎቶግራፉ በማንኛውም ጽሑፍ ላይ አይውጡ። አራተኛ፣ የማንፈጽመውን ተስፋ አንስጥ፤ ጠያቂ ሲመጣ የቲሙ እርዳታ የመጣ ይመስለዋል። አምስተኛ፣ ልጁ በአደጋ ላይ መሆኑን ካወቅን ዝም ብለን ማስታወሻ ይዘን አንሄድም፤ ለቤተሰቡ ታማኝ ሰዎችና ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን።

ለለጋሾች አንድ ቃል አለን። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 264 ሰደቃን በመመጻደቅና በማስቸገር እንዳናበላሽ ተነግሮናል። የምንረዳው ልጅ በየጊዜው እያመሰገነ ፎቶግራፍ እንዲነሣ መጠየቅ ከዚህ እንዳይቆጠርብን እንፍራ። ከዚያ ይልቅ ማኅበሩን እንዲህ እንጠይቅ። በዚህ ዓመት ስንት ቤት ገብታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሰማችሁ? በመዝገብ ያልነበረ ስንት ልጅ አገኛችሁ? የሰማችሁት ነገር ምን አስለወጣችሁ? ይህን የሚመልስ ማኅበር ገንዘባችን ለታሰበለት መድረሱን ያውቃል።

የቲም ለሚያሳድጉ ቤተሰቦችም እንዲህ እንላለን። ጎብኚ ሲመጣ ሊከሳችሁ የመጣ አይምሰላችሁ። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 220 የቲሞችን በኑሯችን ብንቀላቅላቸው ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ አጥፊውንና አልሚውንም አላህ ለይቶ እንደሚያውቅ ተነግሯል። ችግራችሁን በግልጽ ብትናገሩ ለልጁም ለእናንተም የሚሆን መንገድ ይፈለጋል። የተሸፈነ ችግር ግን የሚጎዳው በቅድሚያ ልጁን ነው።

መልመጃ

በየሰፈሩ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የሚከተለውን ሞክሩ። ከምታውቋቸው ቤቶች አንዱን ምረጡ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ስለ ትናንትናው ቀን ብቻ አሳዳጊውንም ልጁንም ለየብቻ ጠይቁ። የሰማችሁትን በተነገረበት ቋንቋ ጻፉ። ያያችሁትንና የመሰላችሁን ለያይታችሁ አስፍሩ። ሁለቱ ትረካዎች የት ላይ እንደሚገናኙና የት ላይ እንደሚለያዩ ምልክት አድርጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ «እንዲህ ተረድቻለሁ፤ ትክክል ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤቱ ሰዎች የሚያርሟችሁ ነገር ከመጀመሪያው ማስታወሻ የበለጠ ሊያስተምራችሁ ይችላል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቲምን የሚንከባከብ ሰው በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ማብሠራቸውን ቡኻሪ ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። መንከባከብ ደግሞ ሁኔታውን ሳያውቁ አይሆንም። ብሩን በባንክ መላክ ይቻላል፤ የልጁን ኑሮ ማወቅ ግን በእግር ሄዶ፣ ከአጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲናገር አድምጦ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሥራችንን ኢኽላስ ያለው ያድርግልን፤ ከማያውቁ ዘንድ ተሸሽገው የሚኖሩትን የቲሞች የምናይበት ዓይን ይስጠን፤ አማናቸውንም እንድንወጣ ያግዘን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።